«ወደ» ሐረር የተነሳው ባቡር ድሬዳዋ ቀረ

በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር የሚገባ ነበር። ሐረር ግን ባቡር አልገባም። በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር ዳገት አይወድም፤ ሐረር ደግሞ ከዚያ ሜዳ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ለመውጣት ብዙ ጠመዝማዛ መስመርና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ኩባንያው ደግሞ ገንዘብ አጥሮታል። ስለዚህ ጣቢያው እዚያው ሜዳው ላይ ተተከለ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና።

እስቲ ይህንን ታሪክ በእንግሊዝኛ እናውራው። ችግሩ የሚጀምረው ከትንሿ ቃል፣ ከመስተዋድዱ ነው። «ባቡሩ ወደ ሐረር ሄደ» ስንል አማርኛው የሚነግረን አቅጣጫውን ነው፤ ይድረስ አይድረስ ገና አልታወቀም። እንግሊዝኛው «ቱ» ግን «ዌንት» ከሚለው ግስ ጋር ሲሆን መድረሻውንም ይይዛል፤ ሰሚው ባቡሩ ሐረር የገባ ነው የሚመስለው። አቅጣጫ ብቻ ከሆነ «ቱዋርድስ ሐረር» እንላለን። የቆመበትን ለመናገር ደግሞ «አዝ ፋር አዝ ድሬዳዋ» አለ፤ የኛ «እስከ» መሆኑ ነው።

«ደረሰ» ሲመጣስ? እኛ «ድሬዳዋ ደረስን» ብለን ያለ መስተዋድድ እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ ግን አንድ ይፈልጋል፤ እሱም «ቱ» አይደለም። ከተማን ሰው እንደሚገባበት ሰፊ ቦታ ስለሚያየው «አራይቭ ኢን ድሬዳዋ»፣ ጣቢያን እንደ አንድ ነጥብ ስለሚያየው «አራይቭ አት ዘ ስቴሽን» ይላል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የድሬዳዋ ጣቢያው ከመሀል ከተማ ውጭ ነው። እዚያ የወረደ መንገደኛ ጣቢያው ደርሷል፤ ከተማው ውስጥ ለመግባት ግን ገና መንገድ ይቀረዋል።

በድሮው ምድር ባቡር ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ ነበር። በፈረንሳይኛ «አ» የምትለው አንዲት ቃል ወደ ድሬዳዋ ለሚሄደውም፣ ድሬዳዋ ላለውም ታገለግላለች። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሲማር «ቱ» እና «አት» የሚምታቱበት አማርኛ ተናጋሪው ብቻ አይደለም።

አንድ ሌላ ልዩነት እንጨምር። «ከከዚራ ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ገባን» ስንል መንገዱን የሚናገሩት ግሶቹ፣ «ተሻገረ» እና «ገባ» ናቸው። እንግሊዝኛ ይህንን ሥራ ብዙ ጊዜ ለመስተዋድድ ይሰጣል፤ ግሱ «ዎክ» ብቻ ሆኖ መሻገሩን «አክሮስ»፣ መግባቱን «ኢንቱ» ይናገራሉ። ሁለት ግሶቻችን እዚያ ሁለት ትንንሽ ቃላት ሆኑ ማለት ነው።

መጓጓዣውም እንዲሁ ነው። «በባቡር» በምን እንደሄድን ከሆነ «ባይ ትሬን»፤ ተሳፍረን ያለንበት ከሆነ «ኦን ዘ ትሬን»። ባጃጅ ሲሆን ግን «ኢን ኤ ባጃጅ» ነው፤ ቆሞ መሄጃ የለውማ!

እንግዲህ የአማርኛውን ቃል በእንግሊዝኛ ቃል ከመተካታችሁ በፊት ቦታውን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት፤ ነጥብ ነው? የሚገባበት ስፍራ ነው? ወይስ ገና ያልተደረሰበት አቅጣጫ? ለ1895ቱ ባቡር ሐረር ሦስተኛው ነበረች።