ፊልም ኑዋር
ፊልም ኑዋር፣ በፈረንሳይኛ «ጥቁር ፊልም»፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ጨለማ ያጠላባቸው የወንጀል ፊልሞች መጠሪያ ነው። ስያሜውን በ1946 የተጠቀመበት ሐያሲው ኒኖ ፍራንክ ነው። የጥላና የብርሃን ጥበቡን በእጅጉ ያዳበሩት ከናዚዎች የሸሹት እነ ፍሪትዝ ላንግ ናቸው።

በቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ» (1944) የመድን ሠራተኛው ከደንበኛው ሚስት ጋር አሲሮ ባሏን ይገድላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶች ሲዘምቱ ሴቶች ፋብሪካ ገብተው የራሳቸውን ደመወዝ ይዘው ነበርና፣ እንደዚህች ሚስት ያለችው አታላይ ሴት የዚያ ለውጥ ፍርሃት መልክ ሆነች፤ ለሴቶቹ ግን ፍትሐዊ ሥዕል አልነበረም። «ክሮስፋየር» (1947) አንድ ወታደር በጥላቻ አይሁዳዊ ሲገድል ያሳያል። ዳይሬክተሩ ኤድዋርድ ድሚትሪክ ራሱም ኮሚኒስቶችን ያሳድድ ለነበረው የኮንግረስ ኮሚቴ ጥያቄ አልመልስም ብሎ ታሰረ። በ«ኪስ ሚ ዴድሊ» (1955) ደግሞ ሁሉም የሚያሳድደው ሣጥን ሲከፈት የኒውክሌር እሳት ይወጣል።