የአጣጥ መርዝ አድራሻ ሲያገኝ

ወደ አየር ጤና በሚሄደው ታክሲ ዘነበወርቅ ስንደርስ አንገታችንን ወደ አለርት ግቢ ማዞር ልማዳችን ነው። (ሰፈሩን «አየር ጤና» ያለው ሰው ዛሬ ከእኛ ጋር ሚኒባሱ ውስጥ ተጨናንቆ ቢቀመጥ ምን ይል ይሆን?) በግቢው ውስጥ ከ1970 ጀምሮ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። ዓመቶቻችን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልን። ለሥጋ ደዌ ምርምር የተቋቋመ ቤት ነው፤ ዛሬ ካንሰርንም ያጠናል። እኛም ስለ ጡት ካንሰር ልንጽፍ ተነስተን ስናነብ አንድ ስም እየተመላለሰ አላስቀምጥ አለን፤ ኸር-2። ስሙን ተከትለን ወደ ኋላ ስንሄድ ያረፍነው አጣጥ ላይ ነው። አዎ፣ እሾሃሙ አጣጥ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ወዳጆቻችን ኮምቦልቻ የሚሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1960 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እያስለቀመ ካንሰር ላይ ይሞክር ነበር። ከኢትዮጵያ ከተለቀሙት መካከል አጣጥ ከምንላቸው ወገን የሆነ፣ ያኔ «ማይቴነስ ኦቫተስ» የተባለ ቁጥቋጦ ነበረበት። በ1972 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከእሱ «ማይታንሲን» የተባለ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚወጣው አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ለሙከራ የሚበቃ ለማግኘት ፊታቸውን ወደ ኬንያ አዙረው የአጣጥን ዘመድ ከሺምባ ኮረብቶች በብዙ ቶን አስለቀሙ።

ማይታንሲን ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የሚዘረጋቸውን ጥቃቅን ክሮች ያበላሻል፤ ሕዋሱ መከፈል ያቅተውና ይሞታል። ላቦራቶሪ ውስጥ ተአምር መሰለ። ሰው ላይ ሲሞከር ግን የታመመውን ከጤነኛው አልለይ አለ። አንጀት አወከ፣ ነርቭ ጎዳ፣ ዕጢውን ግን እምብዛም አላሳነሰም። በ1980ዎቹ መዝገቡ ተዘጋ።

አሁን ወደ ኸር-2 እንምጣ። ሕዋስ እንዳሻው አይከፈልም። መቼ እንደሚያድግ፣ መቼ እንደሚቆም፣ ከቦታው መነሳት ይፈቀድለት እንደሆነ የሚያዙ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች አሉ። የታክሲ ተራ አስከባሪ ብላችሁ አስቡት። አንድ ተራ አስከባሪ «አንተ ቅደም፣ አንተ ጠብቅ» ሲል ሰልፉ ይሄዳል። መቶ ተራ አስከባሪ በአንድ ጊዜ «ንዳ! ንዳ!» ቢል አየር ጤና ምን እንደምትመስል እናንተው ገምቱ። ኸር-2 የሕዋሱ ገጽ ላይ የሚቆም እንዲህ ያለ ፕሮቲን ነው። በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች እሱን የሚያሠራው ዘረመል ቅጂው ይበዛና ሕዋሱ በኸር-2 ይወረራል። ትእዛዙ ማባሪያ ያጣል፤ ተከፈል፣ አትሙት፣ ተነስና ሂድ። በሽታው ከጡት ወጥቶ ወደ ጉበት፣ ሳንባ፣ አጥንትና አንጎል የሚሰደደው በዚህ ግፊት ጭምር ነው። በ1987 ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ 189 የጡት ካንሰር ዕጢዎችን መርምረው ዘረመሉ የበዛባቸው ሴቶች ቶሎ እንደሚያገረሽባቸውና ዕድሜያቸው እንደሚያጥር አሳዩ።

በ1998 ኸር-2ን ለይቶ የሚይዝ ትራስቱዙማብ የተባለ አንቲቦዲ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የተረሳው የአጣጥ መርዝም ተራው ደረሰ። የማይታንሲን ልጅ የሆነውን ዲኤም-1ን ከአንቲቦዲው ጋር አሰሩት። አንቲቦዲው ኸር-2 የበዛበትን ሕዋስ ፈልጎ ይይዛል፣ ሕዋሱ ሁለቱንም ይውጣል፣ መርዙ ውስጥ ገብቶ ይፈታል። በሽታው በተሰራጨባቸው 991 ሕሙማን ላይ በተደረገው ሙከራ መካከለኛው የመኖሪያ ጊዜ በነባሩ ሕክምና 25.1 ወር፣ በአዲሱ 30.9 ወር ሆነ። መድኃኒቱ በ2013 «ካድሲላ» በሚል ስም ገበያ ወጣ። (አደራ፣ አጣጥ ቀቅላችሁ እንዳትጠጡ! ያለ አንቲቦዲው ያው መርዝ ነው።)

የጤፍ ፓተንት ያንገበገበን ልጆች ነንና «ዘረፉን!» ለማለት አፋችን ቀድሞ ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አልሆነም። አጣጡ ሲሄድ ከልካይ ሕግ አልነበረም፤ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የመጣው በ1992፣ የእኛ አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ2006 ነው። በዚያ ላይ ጃፓኖች በ1977 የማይታንሲንን የቅርብ ዘመድ ከባክቴሪያ አገኙ፤ ዲኤም-1 የሚሠራውም ከዚያ ነው። ዛሬ ያ ፋብሪካ አንድም የአጣጥ ቅጠል አይፈልግም። መርዙን መድኃኒት ያደረገው የኸር-2 ዕውቀት ነው፤ እሱን ማንም ከእኛ አልወሰደም።

እኛን የከነከነን ሌላ ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር ይበዛል። ብዙዎቹ ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ከ1997 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ካድሲላ ቀርቶ፣ ለእሱ ትሆን አትሆን እንደሆነ የሚለየው የኸር-2 ምርመራ ራሱ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ከአገሯ ቁጥቋጦ የተጀመረው መድኃኒት አለላት፤ ዕጢዋ ኸር-2 ይብዛበት አይብዛበት ግን የሚነግራት የለም።

ባለፈው ሳምንት ኮልፌ ውስጥ የባህል መድኃኒት የሚሸጡ አንድ አባት ጋ ጎራ ብለን አጣጥ እንዳላቸው ጠየቅናቸው።

«ለምን ፈለጋችሁት ልጆቼ?»

«ለካንሰር መድኃኒት ይሠሩበት ነበር ሲባል ሰምተን ነው፣ አባባ።»

ሳቁብን። «አጣጥ? እሱማ ለአጥር ነው።»