የፍራፍሬ ስሞች በሉጋንዳ ቋንቋ፤ ከቃላት ዝርዝር ወደ ታሪክ ማስረጃ

በመጀመሪያ ደረጃ የቋንቋ ትምህርት የፍራፍሬ ስሞች ዝርዝር የተለመደ ነው። ሥዕሉ ይታያል፤ ስሙ ይነገራል፤ ተማሪዎች ይደግሙታል፤ ትምህርቱም በዚሁ ያበቃል። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ በጥንቃቄ ሲመረመር የአንድን ሕዝብ የእርሻና የንግድ ታሪክ የያዘ ሰነድ ሆኖ ይገኛል። ለዚህም ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተሰሜን፣ በኡጋንዳ ማእከላዊ ክፍል የሚነገረው የባንቱ ቋንቋ፣ ሉጋንዳ፣ መልካም ምሳሌ ነው።

በሉጋንዳ ፍሬ «ኤኪባላ» ይባላል፤ ቃሉም «ማፍራት» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሲበዛ «ኤቢባላ» ይሆናል። እንግዲህ በአማርኛ የብዙ ቁጥር ምልክት በቃሉ መጨረሻ ሲገባ፣ በሉጋንዳ የሚለወጠው የቃሉ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ስሙን ያለ ብዙ ቁጥሩ ማስተማር ግማሹን ማስተማር ይሆናል።

ከስሞቹ ሁሉ ሥር የሰደዱት የሙዝ ስሞች ናቸው። እነርሱም በአገልግሎት ተለይተዋል። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው «ኤቶኬ»፣ የሚጠበሰው «ጎንጃ»፣ ተጨምቆ ለመጠጥ የሚሆነው «ምቢዴ» ይባላል። እኛ ግን ከዐረብኛ በተዋስነው አንድ ቃል «ሙዝ» ብለን ሁሉንም እንጠራለን። ከዱር ዛፎች ደግሞ ሙጫው ለዕጣን የሚሆነው «ኦሙዋፉ» አለ፤ ፍሬው «ኤምፓፉ» ሲባል፣ ሞቅ ባለ ውሃ ተለስልሶ ይበላል። ዛፍና ፍሬ እንዲህ በየራሳቸው ስም መጠራታቸው የረጅም ጊዜ ትውውቅ ምልክት ነው።

ሁለተኛው የስሞች ወገን ከምሥራቅ ጠረፍ የመጣ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ በካባካ ሱና 2ኛ ዘመን፣ ስዋሂሊ ተናጋሪ ነጋዴዎች ከጠረፍ ተነሥተው ወደ ቡጋንዳ ቤተ መንግሥት ደርሰው ነበር። የማንጎ ስም «ኦሙዬምቤ» ከስዋሂሊ «ኤምቤ»፣ ጃክፍሩት የተባለው እጅግ ትልቅ ፍሬ ስም «ፌኔ» ከ«ፌኔሲ» የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የስዋሂሊ ቃላት መነሻቸው ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ነው። አናናስ «ናናንሲ» ይባላል፤ የእኛም ሆነ የእነርሱ ቃል በደቡብ አሜሪካ የቱፒ ቋንቋ ተነሥቶ በፖርቱጋሎች አማካይነት የተሠራጨ ነው። ዘይቱና «ኤፔራ» ነው፤ ይኸውም በፖርቱጋልኛ የሌላ ፍሬ፣ ፒር የተባለው፣ ስም ነበር። በአገራችንም ለዚሁ ፍሬ የወይራ ፍሬን የዐረብኛ ስም ሰጥተነዋል። ሁለት ሕዝቦች እንግዳ ፍሬ ሲገጥማቸው በተዋሱት የሌላ ፍሬ ስም ጠርተውታል።

በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያሻል። አንደኛ፣ ስም ቃሉ የተጓዘበትን መንገድ ያመለክታል እንጂ ፍሬው የተተከለበትን ቀን አይነግርም። ሁለተኛ፣ መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም። «ኤፔራ» ሲበዛ «አማፔራ» ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ቡጋንዳ የገቡት ፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ አባ ሲሜዎን ሉርዴልም «ማፔራ» ይባሉ ነበር። ነገር ግን ይህ ስም «አባቴ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው እንጂ ከፍሬው ጋር አይገናኝም።

የአጻጻፉም ጉዳይ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1947 በተወሰነው የሉጋንዳ የአጻጻፍ ሥርዓት የጠበቀ ድምፅ በሁለት ፊደል ይጻፋል፤ በ«ፌኔ» መጀመሪያ ላይ ያለው ድምፅ ለዚህ ምሳሌ ነው። በአማርኛ ግን «ገና» ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ስለዚህ ስሞቹን በፊደላችን ጽፎ ለሚያስተምር መምህር በድምፅ ማሰማት ግዴታ ይሆናል።

በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ትምህርት በአካባቢ ቋንቋ እንዲሰጥ ተወስኗል። ሆኖም ቋንቋው የአካባቢው ቢሆንም፣ በመጽሐፉ የሚገቡት ስሞች ከገበያ ብቻ ከተመረጡ «ኤምፓፉ»ን የሚያውቀው ሕፃን ዕውቀቱ በክፍል ውስጥ ዋጋ የሌለው ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ከእኛም ሩቅ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ለዕጩ መምህራን ባዘጋጀው መልመጃ ብርቱካንንና ፖምን ሲዘረዝር እንኮይን፣ አጋምንና ዶቅማን ዘንግቶ ነበር። ስሕተቱን ያሳዩት ከገጠር የመጡ ሠልጣኞች ናቸው።

በመሆኑም የፍራፍሬ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሁሉ አስቀድሞ ተማሪዎቹ ከቤታቸው የሚያውቋቸውን ስሞች ይሰብስብ፤ እያንዳንዱንም ከብዙ ቁጥሩና ከአገልግሎቱ ጋር ያቅርብ፤ ውስ ቃል ሲያጋጥመው እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ታሪክ ያስተምረው። በመጽሐፍ ያልገባ ስም በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊረሳ ይችላልና፣ ምርጫው ቀላል ሥራ አይደለም።