ሩብ ኢንች፦ የለንደን ሞተር ብስክሌትና የሰንሰለቱ ዕድሜ

በፈረንጅ አቆጣጠር ጁን 6 ቀን 1896 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ በካትፎርድ የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ከ12 ሺህ የማያንስ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ዌልሳዊው ጂሚ ማይክልና ፈረንሳዊው ኮንስታን ዩሬን የመሳሰሉ የዘመኑ ስመ ጥር ጋላቢዎች ቢሰለፉም ሕዝቡን ያወራረደው ሰንሰለት ነው። ዊልያም ሲምፕሰን የተባለ ሰው አንጓው ሁሉ ሦስት ማዕዘን የሆነ ሰንሰለት አውጥቶ፣ ማዕዘኑ እንደ ማንሻ እየሠራ የጋላቢውን ጉልበት ያበዛል ይል ነበር፤ አሥር ለአንድም ለመወራረድ ተነሣ። ዕለቱም ቀናው። ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ግን የድሉን ምክንያት ያገኙት ሌላ ቦታ ነው። ከፓሪስ ያስመጣቸው፣ ከፊት ሆነው ለጋላቢው ነፋስ የሚሰብሩለት ብስክሌተኞች ከተቃራኒው ወገን ይበልጡ ነበር። ሰንሰለት ጉልበት አይፈጥርም፤ የተሰጠውን ያደርሳል፣ ከዚያም ላይ ጥቂቱን በመፋተግ ያስቀራል። ሠዓሊው ቱሉዝ ሎትሬክ ለሲምፕሰን ሰንሰለት የሠራው ማስታወቂያ ዛሬም በክብር ይታያል፤ ሰንሰለቱ ራሱ ግን ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ።

ያ ሁሉ ሕዝብ የጠየቀው “ምን ያህል ይጨምርልኛል?” ብሎ ነው። ለሰንሰለት የሚገባው ጥያቄ “መቼ ያልቅብኛል?” የሚለው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረውም ስለዚሁ ነው። ሰንሰለት በሞተር ብስክሌት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ከሁሉ ስለሚጠነክር አይደለም፤ እንክብካቤ ስለማይሻም አይደለም፣ እንዲያውም ይሻል። የቆየው ማለቁን አስቀድሞ፣ በተራ ማስመሪያ ሊለካ በሚችል መንገድ ስለሚያሳውቅ ነው። ለንደን ደግሞ ይህን ለማየት የተመቸች ከተማ ናት፤ ሞተር ብስክሌት ሠርታለች፣ ነድታለች፣ እንጀራም በልታበታለች።

ለነገሩ መነሻው ማንችስተር ነው። ከስዊዘርላንድ የመጣው ሐንስ ሬኖልድ በ1879 አንድ አነስተኛ የሰንሰለት ሥራ ገዛ፤ በዓመቱም ዛሬ በሞተርና በብስክሌት ላይ የምናየውን ሰንሰለት አወጣ። ከርሱ በፊት በነበሩት ሰንሰለቶች ፒኑ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው በስስ ብረት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ነበርና ቶሎ ይበላ ነበር። ሬኖልድ ፒኑን ቡሽ በሚባል ትንሽ የብረት ቱቦ ውስጥ አስገባው። ጭነቱ በቱቦው ርዝመት ሁሉ ተከፋፈለ፤ በቱቦው ላይ ደግሞ የመዘውሩን ጥርስ ሲነካ የሚንከባለል ሁለተኛ ቀለበት ተደረገ። ፈጠራው ከጥንካሬ ይልቅ ስለ መፋተግ ነው። አሮጌው ሰንሰለት ስለሚበጠስ ሳይሆን ስለሚበላ የተፈለገ መላ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የስታርሊ ሮቨር ብስክሌት ለንደን በተደረገው የስታንሊ ትርኢት ሲቀርብ፣ የኋላ ጎማውን በሰንሰለት የሚያዞረው ያ አሠራር ዓለምን ያዳረሰው ብስክሌት አባት ሆነ።

ሰንሰለት ሲያረጅ ረዘመ ይባላል። ብረቱ ግን አልተሳበም። በየመጋጠሚያው ፒኑና ቡሹ እርስ በርስ ተፋትገው ከሁለቱም ላይ ጥቂት ተልጓል፤ የየመጋጠሚያው ክፍተት ሲደመር ሰንሰለቱ ረጅም ይሆናል። መጠኑን ልብ ማለት ይገባል። በመካከለኛ ሞተሮች ላይ የሚሠራው 520 የሚባለው ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 15.875 ሚሊሜትር ነው። ሁለት በመቶ ረዘመ ማለት በአንድ መጋጠሚያ 0.32 ሚሊሜትር ገደማ ተበላ ማለት ነው፤ ይህም በዓይን አይታይም። 20 መጋጠሚያ አንድ ላይ ሲለካ ግን 317.5 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 324 ይጠጋል፤ ልዩነቱ ልክ ሩብ ኢንች ነው። የእንግሊዝ መካኒኮች ለአንድ ጫማ ርዝመት ሩብ ኢንች ከተጨመረ ሰንሰለቱ ይጣል የሚሉት ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል። ገደቡም የዘፈቀደ አይደለም። ፒኑና ቡሹ በእሳት የጠነከሩት ላያቸው ብቻ ነው፤ ያ ቆዳ ካለቀ በኋላ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በፍጥነት ይበላል። የረዘመውም ሰንሰለት ከኋላ ጥርስ ሥር መቀመጡን ትቶ ወደ ጫፉ ይወጣል፤ ጥርሱን እንደ መንጠቆ ያጎብጠዋል፤ በመጨረሻ ይዘልላል ወይም ከቦታው ይወጣል። ተቆልፎ የቆመ የኋላ ጎማ በአውራ ጎዳና ላይ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም።

ከካትፎርድ ብዙም በማይርቀው ፕላምስቴድ የኮሊየር ቤተሰብ ማችለስ የተባለውን ሞተር ይሠራ ነበር። በ1907 በማን ደሴት የመጀመሪያው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር ሲካሄድ ቻርሊ ኮሊየር በባለ አንድ ሲሊንደሩ ክፍል አንደኛ ወጣ፤ 158 ማይል ያህል የነዳው በቺንጋ በሚዞር ማችለስ ነው። በዚያ ዘመን ቺንጋ የተመረጠው በምክንያት ነበር። ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ የሞተሩን ንዝረት ውጦ ያስቀራል። ችግሩ ባሕርዩ በአየሩ መለዋወጡ ነው። ዝናብ ሲመታው ይንሸራተታል፤ ሲለጠጥ ቆርጠው ያሳጥሩታል፤ የሚበጠስበትን ቀን ደግሞ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ነጂው መጠባበቂያ ቺንጋ ይዞ ይወጣ ነበር። በ1911 ውድድሩ ወደ ተራራማው መንገድ ሲዛወር ከአሜሪካ የመጡት ኢንዲያን ሞተሮች ባለ ሁለት ማርሽና ሁለንተናቸው በሰንሰለት የሚዞር ሆነው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ወጡ፤ አንደኛው ኦሊቨር ጎድፍሬይ ነበር። ሁለተኛ ሆኖ የገባው ኮሊየር ደግሞ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ነዳጅ ሞልቷል ተብሎ ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ቺንጋ የተሸነፈው የማይለካ ስለሆነ ሳይሆን የሞተር ጉልበት ስለጨመረና ካምቢዮ ስለመጣ ነው የሚሉ አሉ። የጉልበቱ ነገር እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጉልበት ብቻውን ጉዳዩን አልፈታውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 30 ሺህ ያህል ተሠርቶ ለመልእክተኛ ወታደሮች የታደለው ትራያምፍ ኤች “ታማኙ” የሚል ቅጽል ያገኘው ባለ ሦስት ማርሽ ሆኖ፣ የኋላ ጎማውን ግን አሁንም በቺንጋ እያዞረ ነው። ካምቢዮ ስለመጣ ቺንጋ በአንድ ቀን አልወደቀም። ከጦርነቱ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፋብሪካዎች ሁሉ ወደ ሰንሰለት ሲዞሩ ጉልበትም፣ ዋጋም፣ ጭቃም ድርሻ ነበራቸው። እኔ የምጨምረው ከነዚህ ጋር የማይቆጠር ሌላ ጥቅም ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በቤቱ ደጃፍ የተቀመጠ ተራ ሠራተኛ ሞተሩ ሰኞ ሥራ ያደርሰው እንደሆነ በማስመሪያ ማወቅ ቻለ።

የፕላምስቴዱ ፋብሪካ በ1931 ኤጄኤስ የተባለውን ሞተር ሠሪ ገዝቶ፣ በ1938 አሶሺዬትድ ሞተር ሳይክልስ ተብሎ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 80 ሺህ ያህል ማችለስ ጂ3 ለሠራዊቱ ሠርቶ፣ በ1966 ከሰረ። የዚህ ቤት ሞተሮች ሁለት ሰንሰለት ነበራቸው። ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደው ፊተኛው በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በዘይት ይዋኛል፤ ሳጥኑ ዘይት በማፍሰስ የታወቀ ቢሆንም ሰንሰለቱ ረጅም ዕድሜ ነበረው። ወደ ጎማው የሚሄደው ኋለኛው ግን ለዝናብ፣ ለአሸዋና ክረምት ሲመጣ በለንደን መንገድ ላይ ለሚበተነው ጨው የተጋለጠ ነበር። በአንድ ሞተር ላይ ሁለት ዕድል መሆኑ ራሱ ማስረጃ ነው። ሰንሰለትን የሚገድለው ከርቀቱ ይልቅ ፒንና ቡሽ መካከል የሚገባው ነገር ነው፤ ዘይት ከገባ ይቆያል፣ አሸዋና ጨው ከገቡ እንደ ሞረድ ይበሉታል።

ለዚህ የተገኘው የዘመኑ መድኃኒት ለኩሽና ቅርብ ነበር። ለንደን ውስጥ በ1899 የተቋቋመው የዳክሃምስ ዘይት ቤት ሊንክላይፍ የተባለ ግራሶ በጣሳ ይሸጥ ነበር። ሰንሰለቱ ይፈታል፣ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ጣሳው ምድጃ ላይ ተጥዶ ግራሶው ሲቀልጥ ሰንሰለቱ ይነከርበታል። (ሚስቶችና እናቶች ስለ ሽታው ያሉትን ታሪክ አልጻፈውም።) ሲሞቅ እንደ ውኃ የቀጠነው ግራሶ ወደ ቡሹ ዘልቆ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ እዚያው ይረጋል። ከላይ በብሩሽ የተቀባ ወፍራም ግራሶ ይህን አያደርግም፤ ውጩን እያሳመረ አቧራ ይሰበስባል እንጂ። በሰሜን ምዕራብ ለንደን ኤስ ካፌ ደጅ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ የሚሰበሰቡት ወጣቶች የሚታወቁት በፍጥነታቸው ነው፤ ከዚያ ፍጥነት ጀርባ ግን የጣሳ ግራሶና ማስመሪያ ነበር።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከባለሙያዎቹ ነው። በ1980ዎቹ የለንደን ቢሮዎች ሰነድ ከሲቲ ወደ ሶሆ የሚያመላልሱላቸው የሞተር መልእክተኞች ነበሯቸው፤ ፋክስና ኢሜይል ገና አልነጠቋቸውም። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ይልቅ የወደዱት በ1978 የወጣውን ሆንዳ ሲኤክስ 500 ነበር፤ ቆንጆ ስለሆነ አይደለም፣ ማንም ቆንጆ ብሎት አያውቅም። ሰንሰለት ስለሌለው ነው። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው በቅባት ውስጥ የተዘጋ የብረት ዘንግ ነው። በሞተር እንጀራውን የሚበላ ሰው ሰንሰለትን ከሸሸ ክርክርህ የት ቆመ ይባላል። የምመልሰው እንዲህ ነው፤ መልእክተኛው የሸሸው በየማታው ዘይት መቀባትንና ማጥበቅን ነው፣ ምክንያቱም በቀን ብዙ ሰዓት ይነዳል፣ ጊዜውም ገንዘቡ ነው። ለርሱ ሒሳቡ ትክክል ነበር። ዘንግ ግን ይከብዳል፣ ሲሠራም ውድ ነው፤ ሲበላሽ ደግሞ በማስመሪያ አይታወቅም፣ የጥገናው ወጪም አሮጌ ሞተር ከሚያወጣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የሰንሰለት ወጪ ትንሽ ነው፣ ቀኑም አስቀድሞ ይታወቃል። የአብዛኛው ነጂ አቅም የቆመው በዚህኛው ወገን ስለሆነ አነስተኛውም መካከለኛውም ሞተር ሰንሰለቱን አልጣለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመናችን ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግራሶው በፋብሪካ ከፒንና ቡሹ መካከል ገብቶ በትናንሽ የጎማ ቀለበቶች የታሸገ ሰንሰለት አለ፤ ስለዚህ ያለፈው ትምህርት ሁሉ አልፎበታል ይባላል። ዕድሜው ከቀድሞው ብዙ እጥፍ መርዘሙ አያከራክርም። ግን ቀለበቱ ጎማ ነው። በቤንዚን ካጠቡት፣ በሽቦ ብሩሽ ካሹት ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀም ግራሶው ወጥቶ ውኃ ይገባል። ያኔ ጥቂት መጋጠሚያዎች ብቻቸውን ይበላሉ ወይም ዝገው ይደርቃሉ። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ረግቦ ሌላ ቦታ የሚከርረው በዚህ ነው። ስለዚህ በአንድ ቦታ ብቻ የለካ ሰው ይታለላል፤ ጎማውን እያዞሩ በሦስት በአራት ቦታ መለካት፣ ውጥረቱንም በከረረው ቦታ ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል። በረገበው ቦታ ያጠበቀ ሰው የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎዳል። መታሸግ መለካትን አላስቀረም፣ እንዲያውም አዘናጋ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጣው ሆንዳ ሲጂ 125 በተቃራኒው መንገድ ሄዷል። ጥገና በማይገኝበት አገር እንዲሠራ ታስቦ ሰንሰለቱ በሙሉ በሳጥን ተከደነ፤ የለንደን ጀማሪዎችም ለዓመታት ተማሩበት። ሠሪዎቹ ግን በሳጥኑ ላይ ውጥረቱ የሚታይበት ቀዳዳ ከነመክደኛው ተዉ። ያቺ ቀዳዳ ባትኖር ኖሮ ሳጥኑ የሰንሰለቱን ማርጀት ከባለቤቱ የሚደብቅ ይሆን ነበር።

በመጨረሻ ሕጉ አለ። ኤም ኦ ቲ የሚባለው የተሽከርካሪ ምርመራ በ1960 ሲጀመር ለአሥር ዓመት አሮጌዎች ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሞተር ብስክሌት ሦስት ዓመት ሲሞላው ይጀምርና በየዓመቱ ይመረመራል። መርማሪው ሰንሰለቱን ያያል፣ በእጁም ይፈትሻል፤ በጣም የላላ፣ የከረረ ወይም ክፉኛ ያለቀ ከሆነ ይጥለዋል። ለእሑድ ነጂ ይህ ይበቃ ይሆናል። በእስትራትፎርድና በብሪክስተን ምግብ የሚያደርስ ልጅ ሰንሰለት ግን በጨው ወራት ከአንዱ ምርመራ እስከ ሌላው ላይደርስ ይችላል። በርሱ ሞተር ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ 428 የተባለው ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ 4 ከፒን እስከ ፒን አራት ስምንተኛ ኢንች ማለት ነው፣ በጃፓን ወይም በቻይና ቢሠራም። ሃያ አራት መጋጠሚያ አንድ ጫማ ይሆናል። ሩብ ኢንች ሳይሞላ ሰንሰለቱን ብቻ ከለወጠ የፊቱና የኋላው ባለ ጥርስ መዘውሮች ለሚቀጥለው ሊያገለግሉት ይችላሉ፤ ጥርሱ ከጎበጠ በኋላ ከቀየረ ግን ሦስቱንም አንድ ላይ ይገዛል፣ ምክንያቱም የጎበጠ ጥርስ አዲሱን ሰንሰለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አሮጌው ልክ ይጎትተዋል።