ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ዓይኑም ይታይለት

ናይሮቢ ውስጥ ለስደተኛ እናቶች ሳስተረጉም ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «ልጄ ኪሎው ጨምሯል፣ ጡትም ይጠባል፤ ታዲያ ዓይኑን ለምን ያዩታል?» መልሱ ይኸውና።

ከዓይን ጀርባ ሬቲና የሚባል ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። እሱን የሚመግቡት የደም ሥሮች አድገው የሚጨርሱት እርግዝናው 40 ሳምንት ገደማ ሲሞላ ነው። ልጁ ቀድሞ ከተወለደ፣ በተለይ ከ1.5 ኪሎ በታች ከሆነ፣ እድገታቸው መሃል ላይ ይቆማል። ኋላ ደካማ ሥሮች ይበቅላሉ፤ ይደማሉ፣ ጠባሳ ይተዋሉ፣ ሬቲናውን ጎትተው ሊያላቅቁት ይችላሉ። ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ደግሞ ያባብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ያለ ጊዜው የተወለደው ዘፋኝ ስቲቪ ወንደር ዓይነ ስውር የሆነው በዚህ ነው።

ችግሩ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ በተወለደ በ4 ሳምንት ገደማ ሐኪም ጠብታ አድርጎ ውስጡን ማየት አለበት። ኦክስጅን ላይ የቆየ ልጅ ኪሎው ከዚያ ቢበልጥም ሐኪሙን ጠይቁ። ካስፈለገ በሌዘር ይታከማል፤ ግን ጊዜው በቀናት የሚቆጠር ነው።

እናቶች፣ ከሆስፒታል ስትወጡ «የዓይን ቀጠሮው መቼ ነው?» በሉ። ስንት ሳምንት ላይ፣ በስንት ኪሎ እንደተወለደ የሚገልጸውን ወረቀትም ያዙት። ካምፕ ብትቀይሩ ቀጣዩ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።