ወደ ነጭ ዓባይ የታሰበው ሽማንደፈር

ከጁባ በስተ ደቡብ፣ በሾጣጣው ተራራ ግርጌ የምትገኘው ረጃፍ የባቡር ፉጨት ሰምታ አታውቅም፤ ይሁን እንጂ ከካርቱም ሽቅብ የሚወጣው የእንፋሎት መርከብ፣ ከዚህ በላይ ዓባይ በዐለት መካከል እየተሰባበረ ስለሚወርድ፣ ጕዞውን በረጃፍ አካባቢ መፈጸም ግድ ሆኖበት ነበርና፣ ሐዲድ የሚያሻው ስፍራ ይኸው እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ጎርዶን ፓሻ የኤኳቶሪያ አገረ ገዥ ሳለ «ኬዲቭ» የተባለችውን 108 ቶን መርከብ አስፈትቶ፣ ብረቷን በሰው ጫንቃ ከዐለታማው ወንዝ በላይ እስካለችው ዱፊሌ ማሻገሩ የዚህ ምስክር ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ነገሩ ከዚህ ይቀርበናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአማካሪያቸው ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ የፈቀዱት የሽማንደፈር (የምድር ባቡር) ውል ሦስት ምዕራፍ ነበረው፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ይህም ከንቱ ሕልም እንዳልነበረ፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደው የላኩት ጭፍራ በሰኔ 1890 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ስፍራ መድረሱ ያስረዳል።

ባቡሩን የተመኙት ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ አልነበሩም። ሠራዊቱ በ1889 ዓ.ም. ረጃፍን ከደርቡሽ የነጠቀለት የቤልጅጉ ንጉሥ ሌኦፖልድ፣ ከኮንጎ ወሰን እስከ ላዶ አጠገብ ሐዲድ ለመዘርጋት ተዋዋለ፤ ነገር ግን በ1902 ዓ.ም. ሞተ፣ ይዞት የነበረው የላዶ አገርም በዚያው ዓመት ለሱዳን ተመለሰ። እንግሊዝም በግንቦት 1894 ዓ.ም. ውል ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር የማሳለፍ መብት አግኝታ ሳትሠራበት ቀረች።

ነገሥታቱን ሁሉ እንዲህ ያስመኘ የእንፋሎት ባቡር፣ በእኔ ኅሊና፣ ውበቱ ግብሩን ከሰው ዐይን አለመሰወሩ ነው፤ እሳቱ ሲነድ፣ ውሃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ፣ እንፋሎቱ ብረቱን ሲገፋ፣ ብረቱም መንኰራኵሩን ሲያዞር በግልጽ ይታያል፤ ዳገት ሲወጣ እስትንፋሱ ይከብዳል፣ እንደ ደከመ በቅሎም በየጣቢያው ውሃ ይጠጣል። የናፍጣው ባቡር ብርቱ ቢሆንም ይህ መንክር ነገር የለውም።

የእኛው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ 784 ኪሎ ሜትር ተጕዞም በዚያው ቆመ፣ ሦስተኛው ምዕራፍም ሳይጀመር ቀረ። ከሰሜን የመጣው የሱዳን ሐዲድም በ1962 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዋው ደርሶ ወደ ጁባ አልተሻገረም።