ከኢትዮጵያ ጎዳና እስከ ትምህርት ሚኒስቴር በር

ኢየሩሳሌም ውስጥ ከነቢያት ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ሰሜን የሚገባ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ አጥር የተያዘ ጠባብ መንገድ አለ፤ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። ከአጥሩ ውስጥ ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይታያል። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተፈጸመ (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር በሚቆጠረው በፈረንጆቹ እጽፋለሁ)። ከዚያ ወደ ነቢያት ጎዳና ተመልሶ ወደ ምሥራቅ ጥቂት የተራመደ ሰው፣ መንገዱ ከሺቭቴይ ይስራኤል ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ግንብ ያለው ትልቅ ሕንጻ ያገኛል። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ባርሉዚ ለሆስፒታል ብሎ የነደፈው ነው፤ ዛሬ የእስራኤል ትምህርት ሚኒስቴር ተቀምጦበታል። የእኛ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ወላጆች አቤቱታ የሚያበቃው እዚያ በር ላይ ነበር።

እኔ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከመጡት ነኝ። ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ ለብዙ ዓመት ደግሞ በኢየሩሳሌም ትምህርት ቤቶች መገሸሬት ሆኜ፣ በአስተማሪና በቤተ እስራኤል ወላጅ መካከል ቆሜ ሠርቻለሁ። ስለ ወላጆቻችን ሲወራ “የአገሪቱ የትምህርት ደረጃ ከበዳቸው” የሚባለውን መስማት ሰልችቶኛል፣ ሐሰት ስለሆነ። ደረጃው ዝቅ ይበልልን ያለ ወላጅ አላጋጠመኝም። የሰማሁት ጩኸት ሌላ ነው፦ ልጄን ከደረጃው ውጭ አታስቀምጡብኝ።

ደረጃው ራሱ፣ ከቋንቋው ጀምሮ፣ ከየት መጣ? የኢትዮጵያ ጎዳና ቁጥር 11 ዕብራይስጥን ዳግም መነጋገሪያ ለማድረግ የታገለው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት ነው። በ1881 ኢየሩሳሌም የገባው ይህ ሰው፣ በ1882 የተወለደው የበኩር ልጁ ኢታማር ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ ከለከለ። ሰው ሁሉ ልጁን ሊያበላሽ ነው ብሎ ተቃወመው፤ እሱ ግን አልተመለሰም። በከተማው በነበረው የአሊያንስ ትምህርት ቤትም፣ በኒሲም ቤሃር ሥር፣ ዕብራይስጥን በዕብራይስጥ አስተማረ። የግዴታ ትምህርት ሕግ በ1949፣ የመንግሥት ትምህርት ሕግ ደግሞ በ1953 ሲወጡ፣ ያ የአንድ አባት ግትርነት የመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ቋንቋ ሆኖ ነበር። የ1953ቱ ሕግ ለወላጅ የተወሰነ በር ትቷል፤ ወላጆች ከጠየቁና ሚኒስትሩ ከፈቀደ ከትምህርቱ ሰዓት እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ማሟያ ትምህርት ሊገባ ይችላል። ይህን አንቀጽ ለእኛ ወላጆች የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የእኛ ሰዎች ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የተዋወቁት እዚህ መጥተው አይደለም። ምሁሩ ዣክ ፋይትሎቪች በ1905 ከእኛው ወገን የሆነውን ታምራት አማኑኤልን ወደ አውሮፓ ይዞት ሄደ፤ ፕሮፌሰር ታምራት ኋላ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የአይሁድ ትምህርት ቤት መራ። አቶ ዮና ቦጋለ በ1920ዎቹ እዚሁ ኢየሩሳሌም ተምሯል፤ ከዚያም ፍራንክፈርት ሄዷል። ከ1955 ጀምሮ 27 ወጣቶች ራዓናና አጠገብ ወዳለው ክፋር ባትያ መጥተው ተማሩ፤ ተመልሰውም በየመንደሩ እንዲያስተምሩ ነበር የታሰበው። በጎንደር አካባቢ ባለችው አምቦበርም ትምህርት ቤት ነበረን። በአብዮቱ ጊዜ እናቶቻችን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረዋል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ምን እንደሆነም ማንም ያውቅ ነበር። አንድ ጥያቄ ለመላ አገሩ ይወጣል፣ የጎንደርም የአዲስ አበባም ልጅ እሱኑ ይፈተናል፣ ያለፈ ያልፋል፣ የወደቀ ይወድቃል። አባቶቻችን “አገር አቀፍ” ሲባል የሚረዱት ይህንን ነው፤ እዚህም የጠበቁት ይህንኑ ነበር።

በዘመቻ ሙሴ፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985፣ ከወገናችን ወደ 8 ሺህ ሰው ከሱዳን ወደ እስራኤል ገባ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ መጣ። ሕጉ ወላጅ ከመንግሥቱና ከመንግሥት ሃይማኖታዊው ትምህርት ቤት አንዱን ይምረጥ ቢልም፣ የእኛ ልጆች መጀመሪያ ላይ በጅምላ ወደ ሃይማኖታዊው ተመሩ። ከ12 ዓመት በላይ የሆኑት አብዛኞቹ የወጣቶች አሊያ በተባለው ድርጅት በኩል ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ገቡ። ወላጅ መርከዝ ክሊታ (የአዲስ መጤዎች መቀበያ) ውስጥ በኡልፓን ዕብራይስጥ ሲማር፣ ልጁ ሩቅ ፕኒሚያ ነው። ብዙዎቹም የተመደቡት ሙያ ወደሚማሩበት ክፍል ነበር፤ ሙሉ ባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ምስክር ወረቀት) የማያስገኝ መሆኑን ወላጅ የሚያውቀው ልጁ ሲጨርስ ነው። በመምህሯ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶለት በበዓል ቤቱ የመጣን ልጅ አባቱ በአዲሱ ስም ሲጠራው ሰምቻለሁ። እነዚህን ውሳኔዎች ያሳለፉት ሰዎች ብዙዎቹ ደግ አስበው ነው፤ ይህንን አልክድም። ያደረሱትን ጉዳት ግን ደግነታቸው አያስቀረውም።

የወላጆች ስብሰባን ማስረዳት አለብኝ፣ ምክንያቱም ታሪኩ በዋናነት የተበላሸው እዚያ ነው። በእኛ አገር አባት ልጁን ለአስተማሪ ሲያስረክብ “ዓይኑንና አጥንቱን ብቻ ተውልኝ” ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በአስተማሪው ሥራ መግባት ነውር ነው፣ አለማመንም ነው። ስለዚህ አባት ምሽት ላይ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከሞራዋ፣ ከአስተማሪዋ፣ ፊት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እሷም “ስለ ልጁ ትምህርት ግድ የለውም” ብላ ትጽፋለች። የሚያስተረጉመው ልጁ ራሱ ነበር። እኛ መገሸሮች እስክንመጣ ድረስ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የገዛ ራሱን ውጤት ለአባቱ ሲተረጉም ኖሯል። አስተማሪዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ሁሉም ቤሴደር፣ ደህና ነው። አባት አመስግኖ፣ መርቋት ይወጣል።

ቤሴደር ያልሆነው ሃክባጻው፣ የችሎታ ቡድኑ፣ ነበር። እዚህ አገር ሂሳብ በችሎታ ቡድን ተከፍሎ ነው የሚሰጠው፤ ባግሩት ሲደርስ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሂዶት (የትምህርት ክፍሎች) ይፈተናሉ፤ 5 ከፍተኛው ነው። በ8ኛ ክፍል ዝቅተኛው ሃክባጻ የገባ ልጅ ወደ 3 የሂዶት ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ላይ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ልጁ ባግሩት ቢይዝም ዩኒቨርሲቲ የፈለገው ክፍል አይቀበለውም። አንዲት እናት፣ አምቦበር አካባቢ ያደገች፣ የልጇን የባግሩት ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍና ይዛልኝ መጣች፤ መሐንዲስ መሆን የሚፈልገውን ልጇን ለምን እንዳልወሰዱት እንዳስረዳት ነው። ቁጥሩን አሳየኋት። “በ13 ዓመቱ ነው እንዴ የወሰኑት?” አለች። አዎ፣ በ13 ዓመቱ። ያን ቀን ቡድኑን የመደበው ትምህርት ቤት ለእሷ ደብዳቤ እንኳን አልጻፈም።

ዝምታው የተሰበረው ቀስ በቀስ ነው። በ1985 ረቢዎቹ አይሁድነታችንን ለመቀበል በሥርዓት ውሃ ውስጥ ጥለቁ ማለታቸውን በመቃወም ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችን ኢየሩሳሌም በዋናው ረቢናት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። በጥር 1996 የለገስነው ደም መጣሉ ሲሰማ ወደ 10 ሺህ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ። ሁለቱም የትምህርት ጉዳይ አልነበሩም። ወላጆች ግን መንግሥት ፊት ቆሞ መናገር ነውር አለመሆኑን የተማሩት ከዚያ ነው። በ2009 ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ከፊል የግል የሆኑ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ወደ 100 የሚጠጉ ልጆቻችንን አንቀበልም ሲሉ፣ ወላጆች ጉዳዩን እስከ ያኔው የትምህርት ሚኒስትር ጊድዖን ሳዓር ድረስ አደረሱት፤ ሚኒስትሩም በጀታቸውን እንደሚይዝ አስጠነቀቀ። በ2011 እዚያው ከተማ ኔር ዔጽዮን የተባለው ትምህርት ቤት ከሞላ ጎደል የኢትዮጵያውያን ብቻ ሆኖ ስለቀረ ወላጆች ሰልፍ ወጡ። የጠየቁት ተጨማሪ በጀት አልነበረም፤ ልጆቻቸው ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲማሩ ነው። በ2016 የወጣው፣ መንግሥት ያቋቋመው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት በመንግሥት ተቋማት ውስጥ ያለውን ዘረኝነት በስሙ ጠራው። በዚያው ጊዜ መንግሥት “አዲስ መንገድ” ያለው ዕቅድ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተለዩ ፕሮግራሞችን መቀነስ አንዱ ዓላማው አደረገ። በእኔ እምነት ይህ ትክክል ነው፤ ግን ዘገየ። “ለኢትዮጵያውያን” ተብሎ ከሰዓት በኋላ ለብቻ የሚሰበሰብ ልጅ፣ ዕርዳታው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ከመደበኛው ክፍል የተለየ መሆኑን በየቀኑ ይማራል።

ዛሬ ስብሰባ ላይ የሚቀመጡት ወላጆች ያኔ ያስተረጉሙ የነበሩት ልጆች ናቸው። ዕብራይስጡ አያግዳቸውም፤ ቤሴደር የሚለውን መልስም አይቀበሉም። አሁንም ስልክ እየደወሉ ይጠይቁኛል፤ የምነግራቸውም ይህን ነው። 7ኛ ክፍል ሳያልቅ ሂሳቡንና እንግሊዝኛውን በየትኛው ሃክባጻ እንዳደረጉት ጠይቁ። የመደበውን ሰው ስም ጠይቁ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጣችሁ። ልጁ ወደ ላይ የሚሸጋገርበት ፈተና መቼ እንደሆነም ቀኑን ያዙ። ትምህርት ቤቱ መልስ ካልሰጠ ደግሞ ደብዳቤውን ወደ ሺቭቴይ ይስራኤል ጎዳና፣ ወደ ሚኒስቴሩ ላኩ፤ የላካችሁበትንም ደረሰኝ አስቀምጡ።